«ካርዱ ሞቷል» ከማለታችን በፊት፦ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨርን በሊኑክስ ላይ ማስተካከል



በውጭ ሀገር ያሉ ወንድሞችና እህቶች ለመድረሳዎችና ለመርከዞች ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አሰባስበው ሲልኩ እናያለን፤ አላህ ይቀበላቸው። ማሽኖቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። አዲሱን ዊንዶውስ ስለማይችሉት ከጀመዓው ወጣቶች ኮምፒውተር የሚያውቀው አንዱ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት ይጭንባቸዋል። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ጽሑፍ መጻፊያው ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል። የኔትወርክ ኬብሉ ሲሰካ ግን ምንም የለም። ትንሽ ከተሞከረ በኋላ «የዚህኛው ካርዱ ሞቷል» ይባላል። ከዚያ ወይ ማሽኑ መጋዘን ይገባል፣ ወይ ከሰደቃው ገንዘብ ተቀንሶ አዲስ ካርድ ይገዛለታል።

እኔ ባየሁት መጠን ከእነዚህ «ሟቾች» መካከል በእርግጥ የሞተው ጥቂቱ ነው። የቀሩት ወይ ድራይቨራቸው አልተጫነም፣ ወይ የማይስማማቸው ድራይቨር ይዟቸዋል፣ ወይ ኬብላቸው ጉድለት አለበት፣ ወይ ደግሞ አድራሻ አላገኙም። አራቱም ችግሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፦ ኢንተርኔት የለም። መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግንኙነቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋረጠ ኮምፒውተሩን ራሱን በቅደም ተከተል መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተርሚናልና ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የትዕዛዞቹን ስም የጻፍኩት በአነባበባቸው በፊደላችን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ፊደል መሆን አለበት።

ድራይቨር ምን ይሠራል?

በዐረብኛ ብቻ የሚያስተምር ሸይኽ መጥቶ ደርስ ሲሰጥ አስቡት። ሸይኹ ዓሊም ነው፣ አድማጩም ለማወቅ ጓጉቷል፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ ከሌለ ግን መስጂዱ ጸጥ ይላል። ሸይኹም አልታመመም፣ አድማጩም ጆሮው ደህና ነው። የሊኑክስ ዋና ክፍል የሆነው ከርነልና የኔትወርክ ካርዱ ያላቸው ግንኙነት እንዲሁ ነው። ከርነሉ «ይህን መልእክት ላክ» ማለት ያውቃል። የሪልቴክ ካርድ ግን ለመላክ የትኛው ቦታ ላይ የትኛው ቁጥር እንዲጻፍለት እንደሚፈልግ፣ የኢንቴሉ ደግሞ በሌላ መንገድ እንደሚሠራ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ድራይቨሩ ነው። መልእክት ሲመጣም ካርዱ ውሂቡን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ማስታወሻ ይጽፍና ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል፤ ድራይቨሩ አንስቶ ለከርነሉ ያስረክባል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ከዊንዶውስ የመጣ ሰው እዚህ ላይ አንድ ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ድራይቨር ማለት ከሲዲ ወይም ከኢንተርኔት ተፈልጎ የሚጫን ነገር ይመስለዋል። በሊኑክስ ግን አብዛኛው የኔትወርክ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ይህ እንዲሆን መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱ ዶናልድ ቤከር ነው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ሲሠራ ለብዙ ዓይነት የኢተርኔት ካርዶች የሊኑክስ ድራይቨር ጽፏል። በ1994 ከቶማስ ስተርሊንግ ጋር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኢተርኔት አገናኝተው እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር እንዲሠሩ አደረጉ፤ ቤዎልፍ የሚባለው ነው። በዚያ ሥራ ኔትወርኩ እንደ ልብ መሥራት ነበረበትና ድራይቨሮቹ በሚገባ ተፈተኑ፤ ለሁሉም ሰውም በነፃ ተለቀቁ። እንግዲህ ዛሬ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ስንጭን «ካርዱን ራሱ አወቀው» የምንለው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የተነሳ ነው።

ካርዱ ይታያል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ተርሚናል ከፍታችሁ ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ ብላችሁ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ኤን-ኤን-ኬ ጨምሩበት። በማሽኑ ውስጥ የተሰኩት ካርዶች ዝርዝር ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ኢተርኔት የሚል ቃል ያለበትን መስመር ፈልጉ። በመስመሩ መጨረሻ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የአምራቹ መለያ ነው፤ የሪልቴክ 10ኢሲ፣ የኢንቴል 8086 ነው። (ኢንቴል 8086ን የወሰደው በ1978 ካወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ስም ነው፤ በዚህም ቁጥሩ ለማስታወስ ይቀላል።) ሁለተኛው የካርዱ ሞዴል መለያ ነው። በካርዱ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን እውነተኛ ማንነቱ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። እርዳታ ስትጠይቁም «ኮምፒውተሬ ዴል ነው» ከማለት እነሱን መናገር ይበልጣል።

ከዚያ መስመር ሥር ሁለት ሌሎች መስመሮችን ተመልከቱ። አንደኛው ከርነሉ አሁን የሚጠቀምበትን ድራይቨር ይናገራል፤ ሌላው ለካርዱ ይሆናሉ ተብለው የተመዘገቡትን ሞጁሎች ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ሦስት መልስ ሊገኝ ይችላል።

ካርዱ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ድራይቨር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ለብቻው የተሰካ ካርድ ከሆነ አውጥታችሁ አቧራውን ጠርጋችሁ መልሱት። ማዘርቦርዱ ላይ የተሠራ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ እንዳልተዘጋ ተመልከቱ፤ ከድርጅት የመጡ ማሽኖች ላይ አንዳንድ ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልታየ ያኔ «ሞቷል» ማለት ይቻላል። ለዚህ በእኛ ሀገር የማውቀው ትልቁ ገዳይ መብረቅ ነው። ከመስጂዱ እስከ መድረሳው በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኔትወርክ ኬብል በክረምት ካርድና ስዊች አብሮ ይጨርሳል። ሁለት ሕንፃ በመዳብ ኬብል ማገናኘት ካልተገደዳችሁ በቀር አትሞክሩት፤ ፋይበር ወይም የገመድ አልባ ማገናኛ ይሻላል።

ካርዱ ታይቶ የሚጠቀምበት ድራይቨር ግን ካልተጻፈ ችግሩ ድራይቨር ነው። ድራይቨሩም ተጽፎ ኢንተርኔት ከሌለ ወደ ኬብሉና ወደ አድራሻው እንሄዳለን።

የሪልቴክ ነገር

ስለ ሪልቴክ ሰፋ አድርጌ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ማዘርቦርድ ሠሪዎች ይወዱታል፤ ስለዚህ በየቤታችን ያለው ኮምፒውተር ላይ በብዛት የምናገኘው እሱን ነው። መለያው 10ኢሲ እና 8168 የሆነው የጊጋቢት ካርድ ደግሞ ብዙ ራስ ምታት ያመጣል፤ ምክንያቱም ሁለት ድራይቨር አለው።

አንደኛው ከከርነሉ ጋር የሚመጣው አር8169 ነው። ስሙ 8169 ቢሆንም የ8168 ካርዶችንም ያንቀሳቅሳል፤ ቁጥሩ አልገጠመም ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ሁለተኛው ሪልቴክ ራሱ የሚያዘጋጀው አር8168 ነው። ሰው ይህን ያይና «የካርዴ ቁጥር 8168 ነው፣ ድራይቨሩም 8168 መሆን አለበት» ብሎ ሁለተኛውን ይጭናል። ለአንዳንድ ካርዶች በእርግጥ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ከከርነሉ ውጭ ያለ ድራይቨር ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት። በዴቢያንና በኡቡንቱ ይህን ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ የሚባል መሣሪያ በራሱ ያከናውነዋል፤ የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች ካልተጫኑ ግን አይችልም። በዚያ ላይ ይህ ጥቅል ሲጫን አር8169ን በጥቁር መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሁለት አስተርጓሚ አንድ ሸይኽ ላይ እንዳይጮህ ማለት ነው።

እንግዲህ ውጤቱን ተመልከቱ። ማታ ማሽኑ ራሱን ያድሳል። ጠዋት ሲበራ አዲሱ ከርነል ይነሳል፤ አር8168 አልተገነባም፣ አር8169 ደግሞ ታግዷል። ትናንት ኹጥባ ያስተላለፈው ኮምፒውተር ዛሬ ካርድ የሌለው ይመስላል። ማንም ምንም አልነካም። «ሌሊት ተቃጠለ» የሚባለው ታሪክ አንዳንዱ ይህ ነው።

መፍትሔው ኢንተርኔት እንኳን አይፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የግሩብ ዝርዝር ውስጥ ተጨማሪ አማራጮች የሚለውን ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ፤ ኔትወርኩ ከተመለሰ ምርመራው አብቅቷል። ከዚያ የአር8168ን የዲ-ኬ-ኤም-ኤስ ጥቅል አስወግዱ፣ የማስነሻ ፋይሉን የሚያድሰውን አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትዕዛዝ ስጡ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ። አር8169 ወደ ሥራው ይመለሳል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ከከርነሉ ጋር በመጣው ጀምሩ፤ ከሥራው ላይ ችግር ሳታዩ የአምራቹን አትጫኑ።

የግድ የአምራቹን መጫን ካስፈለገ ደግሞ ከስርጭቱ የጥቅል ማከማቻ ብቻ ውሰዱት። ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ይዞ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ከማይታወቅ ገጽ ያወረዳችሁት ድራይቨር የፈለገውን ቢያደርግ የሚከለክለው የለም። ባዮስ ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ በርቶ ከሆነም ፊርማ የሌለውን ሞጁል ከርነሉ አልቀበልም ይላል። ብዙዎች ያኔ ጥበቃውን ያጠፉታል፤ ኡቡንቱ ግን ሲጭን የራሳችሁን ቁልፍ እንድትመዘግቡ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋልና ያንን መከተል ይሻላል።

በአንድ ማሽን ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ለጫናችሁ ሌላም አለ። አንዳንድ የሪልቴክ ካርዶች ላይ የዊንዶውሱ ድራይቨር ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ካርዱን አስተኝቶት ይሄዳል፤ ሊኑክስ ሲነሳ ካርዱን ያየዋል፣ ኬብሉን ግን አያይም። ገመዱን ከግድግዳ ነቅላችሁ ጥቂት ጠብቃችሁ መልሳችሁ ስታበሩት ከሠራ ምክንያቱ ይህ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ በካርዱ ድራይቨር ቅንብር ላይ ከተዘጋ በኋላ በኔትወርክ የመቀስቀስ አማራጩን ማብራት ያስተካክለዋል።

ስለ ፈርምዌርም አንድ ቃል። አንዳንድ ካርድ ድራይቨሩ ብቻ አይበቃውም፤ ሲነሳ ወደ ራሱ ውስጥ የሚጫንለት ትንሽ ፋይል ይፈልጋል። ዲ-ሜሴጅ የሚለው ትዕዛዝ የከርነሉን ማስታወሻ ያሳያችኋል፤ እዚያ ፈርምዌር አልተገኘም የሚል መስመር ካያችሁ የጎደለው እሱ ነው። ብዙ የሪልቴክ ባለ ገመድ ካርዶች ያለሱም ይሠራሉ። በአሮጌ ሰርቨሮች ላይ ያሉት አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ግን ያለሱ አይንቀሳቀሱም። ዴቢያን ቀደም ሲል እነዚህን ነፃ ያልሆኑ ፋይሎች ከመጫኛው ይለያቸው ነበር፤ በሰኔ ወር 2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን በመጫኛው ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ የቆየ የዴቢያን ፍላሽ እየተቀባበላችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ አዲሱን ማውረድ ብቻ ችግሩን ሊፈታው ይችላል።

ጥቅል ለማውረድ ራሱ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም። እንዲህ ሲያጋጥም ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና በስልኩ ቅንብር ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ የአንድሮይድን ስልክ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ያለምንም ድራይቨር ፍለጋ በስልኩ ዳታ ትሠራላችሁ። ጥቅሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ብዙ ብር አይበሉም፤ ዋናው የሥርዓቱ እድሳት በዚያው እንዳይጀምር ብቻ ተጠንቀቁ።

ኬብሉና ፍጥነቱ

ድራይቨሩ ካለ ቀጣዩ ጥያቄ ለኢትቱል ይቀርባል። ኢትቱል ብላችሁ የካርዱን ስም አስከትሉ። ከሚወጣው ብዙ መስመር ውስጥ ሦስቱን ብቻ ተመልከቱ፦ ፍጥነቱ፣ ዱፕሌክሱ፣ በመጨረሻም ሊንክ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም የሚለውን። ሊንክ የለም ካለ ከድራይቨሩ በፊት ኬብሉን፣ የስዊቹን ቀዳዳና የአርጄ 45 ማያያዣዋን ጠርጥሩ። ጥርሷ የተሰበረ ማያያዣ የተሰካች ትመስላለች እንጂ አልተሰካችም።

ፍጥነቱ 1000 መሆን ሲገባው 100 ከሆነ ምክንያቱ በገመዱ ውስጥ ነው። ኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ። የ100 ሜጋቢቱ ኢተርኔት የሚጠቀመው በአራቱ፣ ማለትም በብርቱካናማና በአረንጓዴ ጥንዶች ብቻ ነው። የጊጋቢቱ ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ከተቆረጠ ወይም ኬብሉን የሠራው ሰው «አራቱ ይበቃል» ብሎ ከተወው አንዳንዱ ካርድ ራሱ ወደ 100 ይወርዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲገናኝ ሲቋረጥ ይኖራል። ይህን ሁለተኛውን ሰው ሁሉ የድራይቨር ችግር ነው ይለዋል። ድራይቨር ከመለዋወጥ በፊት የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኬብል አምጥታችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ።

እውነቱን ለመናገር ኹጥባን በቀጥታ ለማስተላለፍ 100 ሜጋቢት ከበቂ በላይ ነው፤ ከመስጂዱ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ 100 ስለሆነ ብቻ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ዱፕሌክሱ ነው። ፉል ማለት መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ ይቻላል፤ ሃፍ ማለት በየተራ ነው። ሁለቱ ጫፎች ራሳቸው እንዲደራደሩ ከተተዉ ሁለቱም ፉል ይሆናሉ። አንድ «አዋቂ» መጥቶ በአንዱ ጫፍ ላይ 100 ፉል ብሎ ካስገደደው ግን ሌላኛው ጫፍ ተደራዳሪ ስለሚያጣ በሕጉ መሠረት ወደ ሃፍ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ነገር ሲላክ ይሠራል፤ ምስልና ድምፅ መላክ ሲጀምር ግን ግጭቱ ይበዛና ስርጭቱ ይቆራረጣል። ሲፈትሹት ደህና ነው፣ ሲሠራበት ይበላሻል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ራስ ድርድር መመለስ ነው።

የኬብሉ ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። ከዚያ በላይ የሚሠራ ሊያጋጥም ይችላል፤ ዋስትና ግን የለውም።

ስሙና አድራሻው

በድሮ ሊኑክስ የመጀመሪያው ካርድ ኢትዜሮ፣ ሁለተኛው ኢትዋን ይባል ነበር። ሁለት ካርድ ያለው ማሽን በተነሳ ቁጥር ስማቸው ሊለዋወጥ ስለሚችል ከ2013 ወዲህ ሲስተምዲ ስሙን ከተሰካበት ቦታ ይወስዳል። ኢኤንፒ3ኤስ0 የሚለው ስም እንቆቅልሽ ቢመስልም ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ኢኤን ኢተርኔት ነው፣ ፒ3 ሦስተኛው የፒሲአይ መስመር፣ ኤስ0 ዜሮኛው ማስገቢያ። ጥሩ አሠራር ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። ማሽኑ ላይ ሌላ ካርድ፣ ለምሳሌ የቪዲዮ ካርድ ብትጨምሩ የመስመሩ ቁጥር ሊቀየርና ያው ካርድ ኢኤንፒ4ኤስ0 ሊሆን ይችላል። የቅንብር ፋይላችሁ ግን አሁንም የቀድሞውን ስም ይጠራል። ድራይቨሩ ደህና፣ ኬብሉ ደህና፣ አድራሻ ግን የለም። አይፒ ሊንክ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥታችሁ አሁን ያለውን ስም ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

አድራሻ መስጠት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለተማሪዎች ኮምፒውተር በራውተሩ በራሱ እንዲሰጥ፣ ማለትም ዲኤችሲፒ ሆኖ መተው ይበቃል። ቋሚ አድራሻ የሚያስፈልጋቸው ፋይል የሚያከፋፍለው ሰርቨርና ፕሪንተሩ ናቸው። ለእነሱም ቢሆን የካርዱን የማክ አድራሻ ራውተሩ ላይ መዝግቦ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲሰጠው ማድረግ ከሁሉ ይቀላል። በተርሚናል በአይፒ ትዕዛዝ የሰጣችሁት አድራሻ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ አትርሱ። ቋሚ እንዲሆን በዴስክቶፕ ኡቡንቱ በኔትወርክ ማናጀር መስኮት፣ በሰርቨር ኡቡንቱ ደግሞ በኔትፕላን ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። የኔትፕላን ፋይል መስመሮች የሚጀምሩበትን ርቀት በክፍት ቦታ እንጂ በታብ አትጻፉ፤ አይቀበልም። ፋይሉን ስትጨርሱ ደግሞ ወዲያው ከማጽደቅ ኔትፕላን ትራይ በሉት፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጣችሁለት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሰርቨሩን ከሌላ ከተማ ሆኖ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በር ላይ የሚቀመጠው ማሽን

አንዳንድ መርከዞች የተማሪዎችን ኢንተርኔት ለመቆጣጠርና ነውረኛ ገጾችን ለማገድ ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ የተባሉትን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጭናሉ። እነዚህ ሊኑክስ አይደሉም፤ የተሠሩት ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሌላ የዩኒክስ ቤተሰብ ላይ ነው። እዚያ የካርዱ ስም ድራይቨሩን ራሱን ይናገራል፦ አርኢ0 ካለ የሪልቴክ ድራይቨር የያዘው የመጀመሪያ ካርድ ነው፤ ኢኤም0 ወይም አይጂቢ0 ካለ ኢንቴል ነው። ስለዚህ ስሙን ባያችሁ ጊዜ ግማሹን ምርመራ ጨርሳችኋል። ተራ ፍሪቢኤስዲ ላይ ቅንብሩ የሚጻፈው ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው አርሲ ነጥብ ኮንፍ ላይ በአንድ መስመር ነው። በፒኤፍሴንስ ግን ፋይሉን አትንኩ፤ በድረ ገጽ መስኮቱ አድርጉት፣ አለዚያ ይጽፍባችኋል።

የፍሪቢኤስዲ ሰዎች በሪልቴክ ላይ ያላቸው ቅሬታ የቆየ ነው። የ8139ን ድራይቨር የጻፈው ቢል ፖል በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ በተወው ማስታወሻ ካርዱን በርካሽነቱ ተሳልቆበታል። ምክንያት ነበረው፤ ካርዱ ውሂቡን በሚመቸው ቦታ ስለማያስቀምጥ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን መልእክት እንደገና መገልበጥ ነበረበት። የኋለኞቹ ካርዶች ከዚያ በጣም ይሻላሉ፤ ቢሆንም ጭነት ሲበዛ ዋችዶግ ታይምአውት የሚል መልእክት ጽፎ የሚቋረጥ አርኢ ካርድ ዛሬም ያጋጥማል። ሪልቴክ የሚያዘጋጀው አማራጭ ድራይቨር በፍሪቢኤስዲ ጥቅሎች ውስጥ አለ፤ ብዙዎችን ረድቷል። በእኔ አስተያየት ግን የመርከዙ ሁሉ ኢንተርኔት የሚያልፍበት በር ላይ ለሚቀመጥ አንድ ማሽን ያገለገለ የኢንቴል ካርድ መግዛት የሚያዋጣ ወጪ ነው። አዲስ ካርድ ግዙ የምለው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ኢንቴል ሲባል ግን ከስሕተት የጸዳ አይምሰላችሁ። በ2008 የሊኑክስ ከርነል 2.6.27 ገና በሙከራ ላይ ሳለ ኢ1000ኢ በተባለው ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ካርዶች በየቦታው መሞት ጀመሩ። ይህኛው እውነተኛ ሞት ነበር፤ የካርዱ ማንነት የተጻፈበት ቋሚ ማስታወሻ ተበላሽቶ ማሽን ማጥፋትና ማብራት አልመልሰው አለ። የኡቡንቱ፣ የፌዶራና የኦፕንሱሰ የሙከራ ስሪቶች ተነክተው ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ድራይቨሩ ላይ ነው። በመጨረሻ ሲጣራ ግን ጥፋቱ የከርነሉን ሥራ ለመከታተል የተጨመረ ሌላ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ የተለቀቀውን የማስታወሻ ቦታ አሁንም የፕሮግራም ኮድ ያለበት መስሎት ይጽፍበት ነበር፤ በዚያው አድራሻ ላይ ግን የካርዱ ቋሚ ማስታወሻ ገብቶ ነበር። ያ ክፍል እንዲዘጋ ተደረገ፣ የካርዱ ማስታወሻም በቀላሉ እንዳይጻፍበት ተቆለፈ። መድረሳው ያለው አንድ ሰርቨር ከሆነ የሙከራ ከርነል አትጫኑበት የምለው ለዚህ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን የኡቡንቱ ስሪት ወይም የተረጋጋውን ዴቢያን ያዙ።

ሁሉም ሲሠራ አንድ ሥራ ይቀራል። ኢትቱል ላይ ሰረዝ አይ ጨምራችሁ የካርዱን ስም ስትሰጡት የድራይቨሩን ስምና ስሪት ይነግራችኋል። እሱን፣ ሁለቱን መለያ ቁጥሮች፣ የማክ አድራሻውን፣ የተሰካበትን የስዊች ቀዳዳ ቁጥርና የጫናችሁበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ በማሽኑ ጎን በፕላስተር ለጥፉት። ያስተካከለው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ወይም ሀገር ሲቀይር ቀጣዩ ሰው ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።